የልጁ ተራ መቼ ነው?

በሐምሌና በነሐሴ ደባርቅ ላይ ጉም ሲወርድ ትንሽ ልጅን ደጅ ማዋል አይታሰብም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዝናቡ ከነብርዱ ነው የሚመጣው። ትልልቆቹ የየራሳቸው ሥራ አለባቸው፤ እንጀራ የሚጋግር ይጋግራል፣ ሱቅ የሚከፍት ይከፍታል፣ ቢሮ የሚገባ ይገባል። ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ልጅ ዲሽ ባለበት ቤት ቴሌቪዥን፣ በሌለበት ቤት ስልክ ይከፈትለትና ዝም ይላል። ከዳባት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ባሉት የመንገድ ዳር ከተሞች አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን የሚያስጠብቀው በዚህ ነው።

በዲሽ የሚገቡት የልጆች ጣቢያዎች በአብዛኛው ዓረብኛ ተናጋሪ ናቸው፤ ኤምቢሲ 3ና ስፔስቱን ከነዚሁ ይቆጠራሉ። ቶምና ጄሪ ደግሞ ቋንቋም አያስፈልጋቸው። ድመቱና አይጡ እ.ኤ.አ. በ1940 ከተፈጠሩ ጀምሮ የሚሯሯጡት ያለ ንግግር ነው ማለት ይቻላል፤ የካይሮም የደባርቅም ልጅ እኩል የሚስቅባቸው ለዚህ ነው። የስልኩ ነገር ይለያል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ስለነበር ዩቲዩብ ከፍቶ ለልጅ መስጠት ለብዙው ቤተሰብ የማይሆን ነገር ሆኖ ቆየ። የቀረው አማራጭ ሱቅ ሄዶ ሚሞሪ ካርድ ላይ ፊልም ማስጫን ሆነ። ልጁም የተጫነለትን ያንኑ ፊልም ቀን ከቀን እየደጋገመ ያያል።

ወላጆች ስለዚህ ሲነጋገሩ ሁለት ፍርድ ይሰማል። አንዱ «ካርቱን ልጅ ያደነዝዛል» ይላል። ሌላው «የእኔ ልጅ በእንግሊዝኛ መቁጠር የለመደው ከካርቱን ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ዐይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። እኔ ግን ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ፊቱ የተቀመጠውን ልጅ አይቼ አንድ ነገር ብጠይቅ እመርጣለሁ፤ ካርቱኑ ሲሄድ ለልጁ ተራ ይደርሰዋል ወይ? ልጅ ማሰብ የሚለምደው ተራው ሲደርስ ነው። ሲጠየቅ፣ ሲገምት፣ ሲሳሳት፣ «እስቲ ደግመህ ሞክር» ሲባል።

የስሜን ግርጌ ሕዝብ ይህን የሚያደርግበት የራሱ ዘዴ ነበረው፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። እሳት ዳር እንቆቅልሽ ሲጀመር «እንቆቅልህ» ያለው ልጅ «ምን አውቅልህ» ካልተባለ አይቀጥልም። የተጠየቀው ያስባል፣ ይሞክራል፣ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ከተረከበና እንደ ልቡ ከቀለደ በኋላ ነው መልሱን የሚናገረው። ጨዋታው ለልጁ የሚሰጠው ሥራ ቀላል አይደለም። የጥያቄውን ቃላት በልቡ ይዞ መቆየት አለበት። እንቆቅልሽ ሁልጊዜ የሚያሳስት ነውና መጀመሪያ አፉ ላይ የመጣለትን መልስ መዋጥ አለበት። ከዚያ ነገሩን ገልብጦ በሌላ ጎኑ ማየት አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአራት ዓመት ልጅ ላይ አጥብቀው የሚለኳቸው የአስተሳሰብ ችሎታዎች እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ በልብ መያዝ፣ ራስን መግታት፣ ሐሳብን ማዞር።

አኩኩሉም እንዲሁ ነው። ፈላጊው ዐይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ» ሲል የሚደበቁት «አልነጋም» እያሉ ያቆዩታል፤ «ነጋ» እስኪባል ዐይንን አለመግለጥ ለአራት ዓመት ልጅ ትልቅ ትግል ነው። ተረት ቢሆን አድማጩ ካልተቀበለ አይጀመርም። አያት መሐል ላይ ቆም ብላ «ከዚያስ ጅቡ ምን ያደረገ ይመስልሃል?» ትላለች፤ ልጁ እንቅልፍ እንደ ወሰደው የምታውቀውም መልስ ስታጣ ነው።

ድሮ ሁሉም ያማረ ነበር እያልኩ አይደለም። እሳት ዳር የተቀመጠ ልጅ ሁሉ አልተጠየቀም፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለ አፉ የተዘጋውም ብዙ ነው። ሆኖም ተረቱም እንቆቅልሹም ያለ ልጁ መልስ አይንቀሳቀሱም። ካርቱን ልጁ ቢተኛም ይቀጥላል።

በዚህ ጉዳይ አብዝቶ የሚጠቀሰው ሙከራ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው። አንጀሊን ሊላርድና ጄኒፈር ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት 60 የአራት ዓመት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን ስፖንጅቦብ የተባለውን ፈጣን ካርቱን፣ ሁለተኛው ካዩ የተባለውን ስለ አንድ ተራ ሕፃን ኑሮ የሚያወራ ዝግ ያለ ካርቱን ለ9 ደቂቃ አየ፤ ሦስተኛው በዚያው ጊዜ ሥዕል ሲሥል ቆየ። ፈጣኑ ካርቱን በአማካይ በየ11 ሰከንዱ ትዕይንት ይቀይራል፤ ዝግ ያለው በየ34 ሰከንዱ። ልጆቹ ወዲያውኑ ተፈተኑ። አንዱን የሰውነት ክፍል ንኩ ሲባሉ ሌላውን እንዲነኩ፣ ቁጥሮችን ሰምተው ከኋላ ወደ ፊት እንዲጠሩ፣ ፊታቸው የተቀመጠውን የሚበላ ነገር ሳይነኩ እንዲታገሡ ተደረገ። ፈጣኑን ካርቱን ያዩት ከሁለቱም ቡድኖች አንሰው ተገኙ። የፊልሙ ባለቤቶች በበኩላቸው ፕሮግራማችን የተሠራው ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ እንጂ ለአራት ዓመት ልጅ አይደለም ሲሉ መለሱ። ይህ መልስ ለመከላከያ የተባለ ቢሆንም ለወላጅ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ «ካርቱን» የተባለ ሁሉ ለሕፃን አልተሠራም።

ጥናቱ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጋንኗል። «9 ደቂቃ ካርቱን የልጅን አእምሮ ያበላሻል» የሚል ነገር ጥናቱ ውስጥ የለም። ልጆቹ የተፈተኑት ፊልሙ እንዳለቀ ነው፤ በማግሥቱ እንዴት እንደሆኑ አልተለካም። ራሷ ሊላርድ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ተከታይ ጥናት ደግሞ ዋናው ምክንያት ፍጥነቱ ሳይሆን በእውኑ ዓለም ሊሆን የማይችል ነገር መብዛቱ እንደሆነ አመለከተች። ልጅ ስለ ዓለም ገና የተማረው ነገር አለ፤ የወደቀ ይጎዳል፣ ግድግዳ አያሳልፍም፣ የተቃጠለ አይመለስም። ያ ሁሉ በየደቂቃው ሲፈርስበት አእምሮው አቅሙን የሚጨርሰው ነገሩን በመከታተል ብቻ ይሆናል፤ ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ማብራሪያ ይህን ይመስላል።

የተረታችን ጅብስ ይናገር የለም ወይ? የሚል ይኖራል። ይናገራል። ነገር ግን ተረት የሚጠይቀን አንድ የማይሆን ነገር እንድንቀበል ነው፤ አውሬ እንደ ሰው ይናገራል። ይህን ከተቀበልን በኋላ የቀረው በሕጉ ይሄዳል፤ ጅቡ ይርበዋል፣ አህያዋ ትፈራለች፣ የወደቀ ይሰበራል። ልጁ «ለምን?» ቢል መልስ አለው። ቶም በመዶሻ ተጠፍጥፎ ወዲያው ሲነሣ ግን «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ቦታ የለውም፤ መሳቅ ብቻ ነው ያለው። መሳቅም ክፉ አይደለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲሆን ነው ችግሩ።

ወደ ቋንቋው እንምጣ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት አለ። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ቻይንኛ ተናጋሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው 12 ጊዜ አጫወቷቸው፤ ሕፃናቱ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። እነዚያኑ ሰዎች በቴሌቪዥን ያዩት ሕፃናት ግን ቻይንኛ ጭራሽ ካልሰሙት አልተሻሉም። ድምፁ ያው ነው፣ ፊቱም ያው ነው፤ የጎደለው ሕፃኑ ሲያይ የሚያይ፣ ሲስቅ የሚስቅ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቴሌቪዥንና ስልክን ጨርሶ አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ ይላል። በዚያው መመሪያ ውስጥ ብዙም የማይነገርለት ምክር አለ፤ ልጅ አርፎ በሚቀመጥበት ሰዓት አሳዳጊው ያንብብለት፣ ተረት ይንገረው ይላል። ጄኔቫ የደረሰችበት ምክር ለደባርቅ አያቶች አዲስ አይደለም።

ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ ከቴሌቪዥን ቃላት መልቀም ይችላል። የዓረብኛ ሰላምታ፣ የእንግሊዝኛ ቁጥርና ቀለማት የሚያነበንብ ልጅ በየቤቱ አለ፤ እንግዳ ሲመጣም «እስቲ በል» ይባላል። ይሁን። ግን በማያውቀው ቋንቋ የሚያይ ልጅ የሚከታተለው እንቅስቃሴውን ነው። ሰውየው ለምን እንደተቆጣ፣ ልጅቷ ምን አስባ እንደተመለሰች አይደርሰውም። ማሰብን የሚያስተምረው ደግሞ የታሪኩ ምክንያት እንጂ የቀለሙ ስም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በአዲስ አበባም በጎንደርም አፉን ያልፈታ ልጅ ሲገኝ «ካርቱን ኦቲዝም አመጣበት» የሚል ወሬ ቶሎ ይነሣል። ካርቱን ኦቲዝም እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም። በዚህ ስሕተት የሚጎዳው ልጁ ነው፤ ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ተአምር ሲጠብቅ ጊዜ ይሄዳል፤ እናትም ጥፋተኛ ተደርጋ ትወቀሳለች። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ይዛ የደረሰባትን ካየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁማ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ይህን ዓይነቱን ወቀሳ ለመስበር ጭምር ነበር። በሁለት ዓመቱ ጥቂት ቃላት እንኳ ያላወጣ ልጅ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ቴሌቪዥኑ ይቀነስ፣ ወደ ሐኪም መሄዱም አይቅር።

የሀገራችን ምሳሌ ካርቱንን ከማውገዝ ያድነናል። አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቁመው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን ፕሮግራም በመስከረም 1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ማሳየት ጀመሩ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ መጀመሪያ በቤት ውስጥ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። በጥብቅ ከተናገርን የተሣለ ካርቱን አይደለችም፤ ለልጁ ግን ልዩነት የለውም። አማርኛ ትናገራለች፣ እናትና አባት፣ አያትና ጎረቤት አሏት፤ የሚገጥማትም ነገር እዚሁ የሚገጥም ነገር ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራሞች ሽልማት አገኘ፤ ብሩክታዊትም እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆነች። በካልሲ የተጀመረ ሥራ እዚያ ከደረሰ፣ የሚያንሰን ገንዘብ ብቻ ነው የሚለውን ሰበብ መቀበል ይከብደኛል።

ከምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ የታንዛኒያው ኡቦንጎ አለ። «አኪሊ ኤንድ ሚ» የሚባለው ካርቱናቸው በኪሊማንጃሮ ግርጌ ስለምትኖር የአራት ዓመት ልጅ ነው። ዲና ቦርዘኮውስኪ በሞሮጎሮ ከተማ ከ500 በላይ የቅድመ መደበኛ ልጆችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ውጤት ካርቱኑን ያዩት ልጆች በመቁጠር፣ ቁጥርን በመለየት፣ ቅርጾችን በማወቅና በሥዕል ሌላ ፕሮግራም ካዩት በልጠው ተገኙ። ቨርጂኒያ ላይ 9 ደቂቃ ካርቱን ልጅን አደከመ፣ ሞሮጎሮ ላይ ካርቱን ልጅን አስቆጠረ። ሁለቱም እውነት ነው። ካርቱኖቹ ናቸው የተለያዩት፤ አንዱ ልጁን ያስከትላል፣ ሌላው ዞሮ ያናግረዋል።

ለሚሞሪው ነገርም የሚያጽናና አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የተጀመረው «ብሉስ ክሉስ» ጥያቄ ጠይቆ ልጁ እስኪመልስ ዝም የሚል ፕሮግራም ነበር፤ ያንኑ አንድ ክፍል አምስት ቀን እንዲደጋገም ያደርግም ነበር። አሊሻ ክሮውሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ሲደጋግሙት ይበልጥ ተረዱት፣ ይበልጥም ድምፅ አውጥተው መለሱ። ስለዚህ የደባርቅ ልጅ አንዱን ፊልም ሃያ ጊዜ ማየቱ ብቻውን የሚያሳዝን አይደለም። ተረትም ሃያ ጊዜ ነው የሚሰማው። ፊልሙ የተመረጠ ከሆነና ትልቅ ሰው አንድ ሁለት ጊዜ አብሮት ካየ፣ በስድስተኛው ቀን ልጁ ታሪኩን ራሱ ይተርካል።

ነገሩን በልኩ ለማየት ከመንገድ ዳር ከተሞቹ ወጣ እንበል። በጃናሞራና በበየዳ ተዳፋት ላይ ላሉ ብዙ ልጆች ካርቱን የሚባል ጭንቀት የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው በምግብ እጥረት የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በዚያ ጥናት ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። መቀንጨር የልጅን አስተሳሰብ የሚጎዳው ከየትኛውም ካርቱን በላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደባርቅ ደጅ ደርሶ፣ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ሁለቱም ከተሞች ተፈናቃይ ተሸክመዋል። ከዚያ ወዲህ በመጣው ግጭት በክልሉ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በ2017 ዓ.ም. ከትምህርት ገበታ ውጪ የቀሩት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተነግሯል። ይህን ያየች እናት ልጇን ዝም ለማሰኘት ስልክ ብትሰጠው እኔ የምወቅስበት አፍ የለኝም። እንዲያውም ዜሮ ክፍል በተዘጋበት ቀበሌ በሚሞሪ የተጫነ ጥሩ የአማርኛ ፕሮግራም ልጁ ያገኘው ብቸኛ አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው የሚጫነው ነገር ምርጫ የሚያሳስበኝ። ሚሞሪ የሚጭነው ወጣት ለልጅ የሚሆን ብሎ የሚሰጠው ያገኘውን ነው፤ የተመረጠ ነገር አዘጋጅቶ የሰጠው ማንም የለም። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከመምህራን ጋር ሆኖ በአማርኛ የተሠሩ ጥሩ የሕፃናት ፕሮግራሞችን ከባለቤቶቻቸው አስፈቅዶ መርጦ ለሱቆቹና ለቅድመ መደበኛ መምህራን በነፃ ቢያድል ትልቅ በጀት አያስፈልገውም። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ደግሞ የሕፃናት ካርቱን ሊሠራ ቢነሣ ባለታሪክ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የስሜን ተራሮች ፓርክ ዋልያም ቀይ ቀበሮም አሉ። ጭላዳ ቀን ሣር ሲግጥ ውሎ ማታ ገደል ላይ ወርዶ ያድራል። ለምን ገደል ላይ ያድራል? የደባርቅ ልጅ ይህን ጥያቄ በቴሌቪዥን ሰምቶ በማግሥቱ አባቱን ቢጠይቅ መልሱ ከቤቱ አይርቅም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት የምርምር ማዕከልም ድርሻ አለው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞትን ሲመዘግብ ኖሯል። በቅጹ ላይ ስለ ትንንሽ ልጆች ሦስት ጥያቄ ይጨምርልን፤ ልጁ ምን ያያል፣ በምን ቋንቋ፣ ከማን ጋር? የቨርጂኒያንና የሞሮጎሮን ውጤት እየጠቀስን ስለ ዳባት ልጅ መናገር ይብቃን።

እስከዚያው ወላጅ ሆይ፣ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ አንድ ነገር ልመድ። ፊልሙን መሐል ላይ አቁመውና «አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብለህ ጠይቀው። መልሱን ሳትሰማ አትክፈተው፤ ቢሳሳትም አትሳቅበት። ሥራ ከያዘህ ታላቅ እኅቱ ትጠይቀው።